ዴድላይን፦ መጀመሪያ የተሰመረው የት ነበር?

ዴድላይን የማይል ሰው አሁን አሁን ከየት ይገኛል። ጨረታው ዴድላይን አለው፣ ስኮላርሺፑ ዴድላይን አለው፣ ዲቪ ዴድላይን አለው፣ ቢሮ ስትገቡ አለቃ "ዴድላይኑ ሐሙስ ነው" ይላል፣ ካምፓስ ያለ ልጅ ስትደውሉለት "አሳይመንት ደርሶብኝ ነው፣ ዴድላይኑ ዛሬ ነው፣ ማታ ልደውል" ብሎ ይዘጋል። ቀነ ገደብ የሚል ጥሩ ቃል አለን እኮ፣ ዜና ላይ እንሰማዋለን፣ ደብዳቤ ላይ እንጽፈዋለን፣ አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ግን ዴድላይን ነው። የኔ ሥራ ደግሞ አስተርጓሚነት ስለሆነ (እዚህ አትላንታ አካባቢ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር) ቃሉን ሳልሰማ የምውልበት ቀን ትንሽ ነው፣ ጠበቃው ዴድላይን ይላል፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛዋ ዴድላይን ትላለች፣ እኔ "የመጨረሻው ቀን" ብዬ አቀብላለሁ፣ ባለጉዳዩም "አዎ፣ ዴድላይኑ" ይለኛል።

ቃሉን ግን ከፈት አድርጋችሁ እዩት። ዴድ የሞተ ነው፣ ላይን መስመር ነው። ብዙ ሰው የቢሮ ማጋነኛ ይመስለዋል፣ ሠራተኛን ለማጣደፍ የወጣ ዓይነት። ግን በቁሙ ነው የተጀመረው፣ ሰው የሚገደልበት መስመር ነበር፣ የተሰመረበትም ቦታ ዛሬ ድረስ ይታወቃል። ከምኖርበት በመኪና ወደ ደቡብ ከሁለት ሰዓት ትንሽ በለጥ ቢል ነው፣ አንደርሰንቪል ይባላል፣ እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ።

ነገሩ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1862 ሰሜንና ደቡብ ምርኮኛ ለመለዋወጥ ተስማምተው ስለነበር የተማረከ ወታደር ብዙ ሳይቆይ ወደ ወገኑ የሚመለስበት መንገድ ነበረው። በ1863 ስምምነቱ ፈረሰ። ዋናው ምክንያት ደግሞ ሰሜኑ ጥቁር ወታደሮችን ማሰለፍ ሲጀምር ደቡቦቹ "እነዚህ ያመለጡ ባሮች ናቸው፣ እንደ ወታደር አንለውጣቸውም" ማለታቸው ነው። ስለ አንደርሰንቪል ሲወራ ይሄ ነገር ብዙ ጊዜ ይታለፋል፣ እኔን ግን ሳነብ ቆም ያደረገኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ሺህ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ የተከማቸበት መነሻ ማን ሰው ነው ማን አይደለም የሚል ጠብ ነበረ።

ልውውጡ ሲቆም በሁለቱም ወገን እስረኛ ሞላ። ደቡቦቹ ከጦር ግንባር ራቅ ያለ ቦታ ፈልገው አንደርሰንቪል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካምፕ ሰምተር የሚባለውን ሠሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ምርኮኞች በፌብሩዋሪ 1864 ገቡ። እስር ቤት ይባል እንጂ ቤት አልነበረውም። የጥድ ግንድ ተቆርጦ ጎን ለጎን ተተክሎ ከመሬት በላይ አራት ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆን አጥር ሆነ፣ ውስጡ ግን ሜዳ ነው፣ ጣራ የለ፣ ጥላ የለ፣ ምርኮኛው በብርድ ልብሱና ባገኘው እንጨት ራሱ ዳስ ቢጤ ይሠራል፣ ብርድ ልብስ የሌለው መሬት ቆፍሮ ይገባል። ለ10,000 ሰው ታስቦ ነበር የተሠራው፣ በኦገስት 1864 ወደ 33,000 ሰው ነበረበት፣ ያውም አጥሩ ከሰፋ በኋላ እንኳ 11 ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ። ምግቡ ከነቆረቆንዳው የተፈጨ የበቆሎ ዱቄት ነበር፣ እሱም ተቅማጡን ያባብስባቸዋል። በተቅማጥ፣ በደም ተቅማጥ፣ አትክልት ባለመብላት በሚመጣው ስከርቪ በሚባለው በሽታ ነው በብዛት የሞቱት። በዚያች በኦገስት ወር ብቻ ወደ 3,000 ሰው። ካምፑ በቆየባቸው 14 ወራት ወደ 45,000 ሰው ገብቶ ወደ 13,000 የሚጠጋው እዚያው ቀረ።

መስመሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ከግንዱ አጥር ወደ ውስጥ ስድስት ሜትር ያህል ገባ ብሎ ዙሪያውን አጫጭር ችካሎች ተተክለው ከላያቸው ላይ ቀጭን ጣውላ ተመታ፣ ሐሳቡ ምርኮኞቹ አጥሩ ሥር ደርሰው እንዳይቆፍሩ ወይ እንዳይዘሉ ነው። አጥሩ ላይ የጥበቃ ማማዎች አሉ፣ ምርኮኞቹ የእርግብ ማደሪያ ይሏቸው ነበር፣ ጠባቂዎቹ በብዛት ለመደበኛው ጦር ያልደረሱ ልጆችና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸው። ትእዛዙ አጭር ነው፣ ያቺን ጣውላ ያለፈ ወይም የነካ ይመታ። ስሟም ዴድላይን። በዚያ ጦርነት ጊዜ በወታደሮች ማስታወሻና በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ተጽፋ የምናገኛት በዚህ ትርጉም ነው፣ የቀንና የሰዓት ነገር ፈጽሞ የለበትም፣ መሬት ላይ ያለች መስመር ናት።

አሁን ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝን ነገር ልናገር። ከጦርነቱ በኋላ የካምፑ አዛዥ የነበረው ሄንሪ ዊርዝ፣ ስዊዘርላንድ የተወለደ ካፒቴን፣ ዋሽንግተን ውስጥ ወታደራዊ ችሎት ፊት ቀረበ። ክሱ ላይ ስለ ዴድላይኑ የተጻፈ አንድ አንቀጽ አለ፣ መስመሩን ሲገልጸው በብዙ ቦታ በሐሳብ ብቻ ያለ መስመር ነበር ይላል፣ በሌሎች ብዙ ቦታዎች ደግሞ በማይጸኑ ችካሎች ላይ በተመታ፣ በሚነቃነቅ ጣውላ ነበር የሚታወቀው ይላል። በሐሳብ ብቻ! ጣውላው ይወድቃል፣ ማገዶ ያጣ ሰው ይወስደዋል፣ ዝናብ ችካሉን ይነቅለዋል፣ መስመሩ ግን አለ፣ ጠባቂው ማማ ላይ ሆኖ በዓይኑ ይለካዋል፣ ታች ያለው ሰው ግን ምንም አያይም። እዚያ የቆየ ምርኮኛ ያውቀዋል፣ ከስንት ሞት ተምሮ። አዲስ የገባው ግን በምን ይወቅ። አዲስ ምርኮኛ በበሩ ሲገባ የቆዩት "ትኩስ ዓሣ! ትኩስ ዓሣ!" እያሉ ይጮኹበት ነበር፣ እንግዲህ ያ ሰው ከባቡር ወርዶ፣ ተርቦ፣ ግራ ተጋብቶ፣ የት ልረፍ ብሎ ባዶ ቦታ ሲፈልግ በዚያ ጭንቅንቅ መሀል ሰው የሌለበት ቦታ የትኛው ይመስላችኋል፣ ከመስመሩ ወዲያ ያለው ነዋ።

ውሃውም እንደዚሁ ነው። ካምፑን መሀል ለመሀል የምታቋርጥ አንዲት ወንዝ ቢጤ አለች፣ ወደ አጥሩ ሳትገባ በፊት የጠባቂዎቹ ሰፈርና ማብሰያው ቆሻሻ ይገባባታል፣ ውስጥ ስትደርስ ደግሞ ታችኛው ጫፏ መጸዳጃ ነው። ስለዚህ ለመጠጥ ትንሽ የሚሻለው ውሃ አጥሩን አልፎ እንደገባ ያለው ነው፣ እሱ ደግሞ ዴድላይኑ ጋ ነው። በችሎቱ ላይ የቀረቡ የቀድሞ ምርኮኞች የመሰከሩት ይሄን ነው፣ ሰው ኩባያውን ይዞ ጎንበስ ብሎ ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ክንዱን ከመስመሩ አሳልፎ ሲዘረጋ ተመትቷል። ምንም ሊያመልጥ አልሞከረም፣ ውሃ ነው የፈለገው።

በኦገስት 1864 ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ዴድላይኑ አጠገብ ምንጭ ፈለቀ፣ ምርኮኞቹ ፈጣሪ ያመጣልን ነው ብለው የፈጣሪ ቸርነት ምንጭ የሚል ስም ሰጡት፣ በ1901 የድንጋይ ቤት ተሠራለት። ዛሬም አለ።

ቦታው አሁን ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ነው፣ ከ1998 ጀምሮ ደግሞ የጦር ምርኮኞች ሙዚየም አለው፣ ስለ ሌሎች ጦርነቶች ምርኮኞችም ያሳያል። እኔን ግን የያዘኝ ሜዳው ነው። ሣር ነው፣ አረንጓዴ ተዳፋት፣ ወንዟ መሀሉ ላይ ቀጭን ሆና ትወርዳለች፣ ነጫጭ ችካሎች በሁለት ረድፍ ተተክለዋል፣ የውጪው ረድፍ የግንዱ አጥር የነበረበት ነው፣ የውስጡ ደግሞ ዴድላይኑ። ሁለቱ ረድፎች መሀል ቆሜ ሳየው ርቀቱ በጣም ትንሽ ነው፣ የአንድ ሳሎን ስፋት ነው። ያን ቀን እዚያ ስዞር ስልኬ ሁለት ጊዜ ጮኸ፣ አንደኛው የምተረጉመው ሰነድ የሚያልቅበትን ቀን የሚያስታውስ ነበር፣ ቃሉም እዚያው ስክሪኑ ላይ ተጽፏል፣ ደስ አላለኝም፣ ዘግቼው ኪሴ ከተትኩት።

ስለ ዊርዝ ሰው ዛሬም ይከራከራል። ኖቬምበር 10 ቀን 1865 ዋሽንግተን ውስጥ ተሰቀለ፣ የተሰቀለበት ቦታ ላይ ዛሬ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቆሟል፣ በ1909 ደግሞ የደቡብ ሴቶች ማኅበር አንደርሰንቪል ከተማ ውስጥ ሐውልት አቆመለት። በእሱ ላይ ብቻ ተላከከ የሚሉ አሉ፣ ዕቃም ምግብም ከበላይ አንልክም ሲሉት ምን ያድርግ የሚሉ። በበኩሌ ይሄ ክርክር ብዙም አይስበኝም። ለፍትሕ ያህል ግን ዴድላይን በሰሜኑ እስር ቤቶችም እንደነበረ መባል አለበት፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ኤልማይራ የሚባለው የሰሜን እስር ቤት ከገቡት የደቡብ ወታደሮች ሩብ የሚጠጋውን ጨርሷል። መስመሩ የአንድ ክፉ ሰው ፈጠራ ቢሆን ቃሉም ከሰውየው ጋር በተቀበረ።

አንድ ሰው ግን ሳላነሳው አላልፍም፣ ዶረንስ አትዋተር። የኮነቲከት ልጅ ነው፣ 19 ዓመቱ፣ ምርኮኛ ሆኖ ገብቶ ጽሕፈቱ ጥሩ ስለነበር የሟቾችን ስም እንዲመዘግብ ተመደበ። መዝገቡ የደቡቦቹ ነው፣ እሱ ግን "ይሄ ዝርዝር ለቤተሰብ አይደርስም" ብሎ ፈራና በስውር ሌላ ቅጂ ለራሱ ይጽፍ ነበር፣ ስም፣ ክፍለ ጦር፣ የሞተበት ቀን፣ የመቃብር ቁጥር። ሲፈታ ይዞት ወጣ። በጁላይ 1865 ክላራ ባርተን (ኋላ የአሜሪካን ቀይ መስቀል ያቋቋመችው) ከእሱ ጋር ሆና አንደርሰንቪል ሄዱ፣ በዚያ ዝርዝር ምክንያት ከ13,000 ገደማ መቃብር ስም ያልተገኘለት 460 ገደማ ብቻ ሆነ። ከዚያ መንግሥት ዝርዝሩን የራሴ ነው አለ፣ ልጁ አልሰጥም አለ፣ ታሰረ፣ ወጣ፣ በመጨረሻ በ1866 ኒው ዮርክ ትሪቢዩን አሳተመው፣ እናቶች ልጃቸው የት እንደተቀበረ በጋዜጣ አነበቡ። መቃብሮቹን ሄዳችሁ ብታዩ ድንጋዮቹ ትከሻ ለትከሻ የተነካኩ ያህል ናቸው፣ ሬሳዎቹ ጎን ለጎን በአንድ ቦይ ስለተቀበሩ።

እንግዲህ ቃሉ ከዚያ ወጥቶ እኛ ጋ እንዴት ደረሰ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ያለፈ ሰው አለቀለት ለሚባልበት ለማንኛውም ወሰን ሰዎች ይጠቀሙበት ጀመር። በ1880 የኒው ዮርክ ፖሊስ ሹም ቶማስ በርንስ የታወቁ ሌቦችን "ከፉልተን ጎዳና ወደ ታች እንዳትወርዱ፣ ከወረዳችሁ ትያዛላችሁ" አላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ባንኮቹና ዎል ስትሪት ናቸው ያሉት፣ ያንንም ዴድላይን አሉት። አሁንም መሬት ላይ ያለ መስመር ነው፣ ግን ጥይቱ ቀርቷል። ከዚያ ማተሚያ ቤት ገባ፣ የብረት ፊደል ተለቅሞ በሚታተምበት ዘመን ፊደሉ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ መስመር አለ፣ ከእሱ ያለፈ ፊደል በደንብ አይታተምም፣ አታሚዎች ዴድላይን ይሉታል። እና በ1920 ገደማ የአሜሪካ ጋዜጠኞች አፍ ላይ የሰዓት ሆነ፣ ከዚህ ሰዓት በኋላ የመጣ ዜና ለነገው ጋዜጣ አይገባም። ጋዜጣ ላይ የሠራ ሰው የዚያን ሰዓት ጭንቀት ያውቀዋል። ከጋዜጣው ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ወደ ሁላችንም። ቦታ የነበረው ጊዜ ሆነ፣ ያለፈው ሰውዬ ሳይሆን ያለፈበት ሥራ ሆነ የሚሞተው።

ይሄ ሁሉ ቢሆንም አንድ ነገር ሳይቀየር የመጣ ይመስለኛል፣ መስመሩ የማይታየው ለአዲስ ገቢ መሆኑ። ይሄን የምለው ከሥራዬ ተነስቼ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥገኝነት (አሳይለም የምንለውን) የሚጠይቅ ሰው አገሪቱ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከቻውን ማስገባት አለበት፣ በ1996 የወጣ ሕግ ነው። ጠበቆች የአንድ ዓመት ዴድላይን ይሉታል። ይሄን አውሮፕላን ጣቢያ ቆሞ የሚነግር ሰው የለም። ሰው ይመጣል፣ ዘመድ ቤት ያርፋል፣ በመጀመሪያው ወር እንቅልፍ የለም፣ ከዚያ አገር ቤት ያሉት ይደውላሉ፣ የሰፈር ሰው "ቆይ ተረጋጋ፣ አትቸኩል፣ ኬዝህን በደንብ አዘጋጅ" ይለዋል፣ በቅንነት ነው የሚለው፣ እና ወራት ይሄዳሉ።

አንድ ጊዜ ካስተረጎምኩላቸው መሀል በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ነበሩ፣ ታሪካቸውን ሲናገሩ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ጠበቃዋ መቼ ገቡ ብላ ጠየቀች፣ ነገሯት፣ ቆጠረች፣ ዓመቱ አልፏል። ለምን እስካሁን አላመለከቱም አለች፣ እኔም ወደ አማርኛ መለስኩት። እሳቸው ጠበቃዋን አላዩም፣ ወደ እኔ ዞረው "ማን ነገረኝና፣ ልጄ?" አሉኝ። እኔም ያንን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት፣ ሥራዬ እሱ ነው።

አንደርሰንቪልና ይሄ እኩል ናቸው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፣ እዚያ ውሃ የፈለገ ሰው በጥይት ሞቷል፣ የእነዚያን ሰዎች ሞት ለሌላ ነገር ማሳመሪያ አላደርገውም። ግን አስተርጓሚ የተባለውን ብቻ ነው የሚለው፣ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም፣ ክፍሉ ውስጥ ማወቄ ለማንም አይጠቅምም። ቃሉን እያቀበልኩ ቀኑን ለማያውቅ ሰው "ቀኑ ይሄ ነው" ማለት አልችልም። እዚህ ግን እችላለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው፣ ጠበቃ አይደለሁም፣ የናንተን ጉዳይ የሚያየው ጠበቃ ነው።

አንድ ዓመቱ የሚቆጠረው ለመጨረሻ ጊዜ አሜሪካ ከገባችሁበት ቀን ነው፣ አገር ቤት ችግሩ ከደረሰባችሁ ቀን አይደለም፣ ቪዛው ካበቃበትም አይደለም። ቅጹ አይ 589 ይባላል፣ በመርህ ደረጃ የሚታየው ፖስታ ቤት የጣላችሁበት ቀን ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ የተቀበለበት ቀን ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ድረስ መጠበቅ ጥሩ አይደለም። ካለፈ በኋላ አሳይለም ለማግኘት ልዩ ምክንያት ማሳየት ያስፈልጋል፣ አገር ቤት ያለው ሁኔታ ተለውጦ አደጋው አዲስ ከሆነ፣ ወይ ከባድ ሕመም፣ ወይ በተማሪ ቪዛ ሕጋዊ ሆናችሁ ቆይታችሁ ከሆነ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ሕጉ ይቀበላል፣ ስለዚህ ያለፈበት ሰውም በቃ አለቀ ብሎ ቤቱ መቀመጥ የለበትም፣ ጠበቃ ያማክር። ሌላ ከመባረር የሚያድን መንገድም አለ፣ ግን የማስረጃ ሸክሙ ይከብዳል፣ ግሪን ካርድ አያስገኝም፣ ባልና ሚስትን ልጆችንም አያስመጣም፣ ለዚህ ነው ቀኑ ይሄን ያህል የሚያስጨንቀው።

መቼ እንደገባችሁ የማስረዳቱ ኃላፊነት ደግሞ የናንተ ነው። በድንበር በእግር የገባችሁ ሲይዟችሁ የተሰጣችሁን ወረቀት ሁሉ አትጣሉ፣ የአውቶብስ ቲኬትም ቢሆን። በአውሮፕላን የገባችሁ አይ 94 የሚባለውን የመግቢያ መዝገባችሁን በፓስፖርት ቁጥራችሁ ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃው ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ትችላላችሁ፣ በነጻ ነው፣ ቀኑ እዚያ ላይ ተጽፏል።